ለአሮጌ ኮምቢ ተስማሚ ቸርኬና ጎማ ስለ መምረጥ

አንድ ቸርኬ ብሎኑ ስለ ገባ ብቻ ለመኪናው ተስማሚ ነው ማለት አይቻልም። ይህንን ለማስረዳት በምሳሌነት የመረጥነው ፎልክስዋገን ከ1967 እስከ 1979 በጀርመን አገር የሠራውን ሁለተኛውን የኮምቢ ዓይነት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የመኪናው ዕድሜ ሲገፋ ቸርኬው ይዝጋል፣ ይጣመማል፤ ባለቤቱም ከሌላ መኪና የወጣ መፈለጉ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች አራት ናቸው።

አንደኛው የብሎኖቹ ክብ ነው። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ የኮምቢ አምስት ቀዳዳዎች በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነበሩ። የፊት ዲስክ ፍሬን ከገባበት ከ1971 ሞዴል ወዲህ ግን ክቡ 112 ሚሊ ሜትር ሆነ። አምስት ቀዳዳ ፊት ለፊት የሚተያይ ጥንድ ስለሌለው፣ ከአንዱ ቀዳዳ መካከል እስከ ጎረቤቱ መካከል ለክቶ በ1.701 ማባዛት ነው። ልኩ 65.8 ከሆነ ክቡ 112 ይሆናል።

ሁለተኛው በቸርኬው ላይ ኢ.ቲ. ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ይኸውም ቸርኬው በሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከወርዱ እኩሌታ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደ ራቀ ያመለክታል። የኋለኛው ኮምቢ ቸርኬ ወርዱ 5.5 ኢንች፣ ኢ.ቲ.ው 39 ነው። ብዙ የመርሴዲስ ቸርኬዎችም ክባቸው 112 ስለሆነ ይታሰራሉ። ነገር ግን ወርዱ 6.5፣ ኢ.ቲ.ው 49 የሆነ ቢታሰር የውስጥ ጠርዙ 23 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሮ የሚነካው ነገር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ኢ.ቲ.ው በጣም ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል፤ ኩሽኔታውም ይጎዳል።

ሦስተኛው የብሎኑ መቀመጫ ነው። መቀመጫው ድቡልቡል ወይም ሾጣጣ ሊሆን ይችላል። ድቡልቡሉን ከሾጣጣው ያጋጠመ ብሎን ጥብቅ መስሎ ይታያል እንጂ ሙሉ ገጹ ስለማይያዝ በጉዞ ላይ ይላላል።

አራተኛውና ዋናው ጭነት ነው። ለኮምቢ የሚስማማው 185 አር 14 ሲ የተባለው ጎማ የጭነት ቁጥሩ 102 ሲሆን አንዱ 850 ኪሎ ግራም ይሸከማል። በቤት መኪና ላይ የተለመደው 195/65 አር 15 ቁጥሩ 91 ሲሆን የሚሸከመው 615 ብቻ ነው። የኮምቢ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ክብደቱ ወደዚያ ያደላል። ለምሳሌ ያህል ተሳፋሪና ዕቃ ሲሞላ የኋላው አክስል 1,300 ኪሎ ግራም ቢደርስበት፣ ሁለቱ የኮምቢ ጎማዎች 1,700 ስለሚችሉ ትርፍ አላቸው፤ ሁለቱ የቤት መኪና ጎማዎች ግን 1,230 ላይ ያበቃሉ። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ እየሞቀ ይሄዳል፤ የሚፈነዳውም ባዶውን ሲቆም ሳይሆን ሰው ሞልቶ በፍጥነት ሲጓዝ ነው።

የጎማው ዕድሜም አይዘንጋ። ከ2000 ወዲህ በጎኑ በአራት አኀዝ ይጻፋል፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ቀዳዳ ከመቍጠር ነው። እኛ ግን በመኪናው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የአክስል ክብደት አስቀድሞ አንብቦ፣ ያንን የሚችል ጎማ መርጦ፣ ቸርኬውን በመጨረሻ መፈለግ ይሻላል እንላለን። ቀዳዳው የማይገጥም ቸርኬ ገና ከጋራዡ ሳይወጣ ይታወቃል፤ ጭነት የማይችል ጎማ ግን የሚታወቀው በመንገድ ላይ ነውና።