ተፋላሚ ሮቦት፤ ጨዋታ ወይስ ዕውቀት?

ልጃችሁ ያረጀውን ሬዲዮ ፈታትቶ ብሎኖቹን መሬት ላይ በትኖ ብታገኙት ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን «አንተ ሥራ ፈት!» ብለን እንቆጣለን። እኛ ግን ከቁጣው በፊት ቆም ብለን እናስብ እንላለን።

ዙሪያዋን የጤፍና የሽንብራ ማሳ በከበባት እንደ ተፍኪ ባለች ከተማ የሚያድግ ወጣት፣ «ሮቦት የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ይህ ታሪካችንን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። በሒጅራ 602 (እ.ኤ.አ. 1206) ሙስሊሙ መሐንዲስ አል-ጀዘሪ 50 መሣሪያዎችን ከነሥዕላቸው በመጽሐፍ አስፍሯል። ከእነዚህ አንዱ የተሠራው ለውዱእ ነበር። ንጉሡ አገልጋይ ውሃ እንዲያፈስለት ስላልወደደ፣ አል-ጀዘሪ በሰው አምሳል ውሃ የሚያፈስና ፎጣ የሚያቀርብ መሣሪያ ሠራለት።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ ባለሙያዎች፣ ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ሥራ ተሳትፈዋል። ሶፊያ በ2018 አዲስ አበባ ስትመጣ ከአካሏ ከፊሉን የያዘ ሻንጣ በጉዞ ላይ ጠፍቶ ነበር። ስመ ጥሯ ሮቦት ዕቃ ከጎደላት፣ የተፍኪ ወጣት ዕቃ ቢያጥረው አይፈር፤ ከትንሹ ይጀምር።

ተፋላሚ ሮቦት ምንድን ነው?

ሁለት ማሽኖች በተከለለ ሜዳ ለጥቂት ደቂቃ ይጋፋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ከውጭ ሆነው በሪሞት ይነዷቸዋል። ውድድሩ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 በሳን ፍራንሲስኮ ከተካሄደው ግጥሚያ በኋላ ነው። ማሽኖቹ እንደ ቦክሰኛ በክብደት ይመደባሉ። በብሪታንያ ለጀማሪ የሚመቸው ምድብ ጣሪያው 150 ግራም ነው።

አካሉ ከጀሪካን ፕላስቲክ ሊቆረጥ ይችላል፤ አይሰባበርምና። ጥርስ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ሞተሮች፣ ከአሮጌ ሲሊፐር ሶል የተቆረጡ ጎማዎች፣ የሪሞት መቀበያ፣ የሞተር መቆጣጠሪያና 7.4 ቮልት ባትሪ ያስፈልጋሉ። ከመግጠም በፊት እያንዳንዱ ዕቃ ይመዘን። ባትሪው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከባዱ ነገር ከላይ ከሆነ ማሽኑ ይገለበጣል።

የፊቱ ቅርጽ መሬት የሚነካ ተዳፋት ቢሆን ከባላጋራው ሥር ገብቶ ያነሳዋል። ተሽከርካሪ ምላጭ ግን ለጀማሪ አይመከርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ጥንቃቄ

ያበጠ ወይም የተወጋ የሊትየም ባትሪ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ ልጆች ተኝተው ወይም ቤቱን ዘግተው ቻርጅ አያድርጉ። ማሽኑን ከመንካት በፊት ባትሪው ይነቀል። ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት የሸሪዓችን መርህ ነው። ተወዳዳሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አሸናፊው የሚጠቀልለው ከሆነም ወደ ቁማር ይገባልና ዑለማእን መጠየቅ ይገባል። አዛን ሲሰማ ደግሞ ሪሞቱ ይቀመጥ።

ወላጆች ሆይ! ማሽኑ ቢሰበር ይጠገናል፤ ትልቁ ትምህርትም በጥገናው ውስጥ ነው። «ለምን ተሸነፍኩ?» ብሎ ብሎኑን መልሶ የሚፈታ ልጅ ትዕግሥትን ይማራል። በነቀፋ የተሰበረ ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም። እናግዛቸው፤ ነገ የመስኖ ፓምፕ የሚጠግነው፣ ለአካል ጉዳተኛ ወንድሙ ሰው ሠራሽ እጅ የሚሠራው ከእነርሱ መካከል ሊወጣ ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው። አሚን!