የቆቦ ሽንኩርትና ያልመጣው ትልቅ መደብር

ከራያ ወጥቶ ብዙ ዓመት አሜሪካ የኖረ ሰው ለዘመድ ጥየቃ ቆቦ ሲመለስ መንገዱ በአዲስ አበባ ነው። እዚያ ዕቃ ሲገዛ ዋጋው ያስደነግጠውና ይጠይቃል፦ ይህን ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ የያዘች ከተማ እንዴት አንድ ዋልማርት አጣች? ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር አከማችቶ በትንሽ ትርፍ የሚሸጥ ሰፊ መደብር ለምን የለም?

ጥያቄው አሜሪካ ውስጥም ይነሣል። ዋልማርት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1962 በአርካንሶ ግዛት፣ ሮጀርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ያደገውም መሬት ርካሽ በሆነባቸውና ሰው ሁሉ በመኪና በሚሄድባቸው የገጠር ከተሞች ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ለመግባት ደጋግሞ ሞክሮ የሠራተኛ ማኅበራትና የከተማው ምክር ቤት አባላት ስለተቃወሙት ዛሬም አንድ መደብር የለውም። የሐበሻው መናኸሪያ የሆነችው ዋሽንግተን ዲሲ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት የከተማዋ ምክር ቤት ትልልቅ ቸርቻሪዎች ከፍ ያለ ደሞዝ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቆ ነበር፤ ከንቲባው ቪንሰንት ግሬይ ውድቅ አደረጉት። ኩባንያው ግን ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ባሉት ድሃ ሰፈሮች ሊከፍታቸው ያሰባቸውን ሁለት መደብሮች እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ተዋቸው። ርካሽ ዕቃ በጣም የሚፈልገው ሰፈር ሳያገኘው ቀረ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መልስ ሕግ ነው። የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 84/1995 የችርቻሮ ንግድን ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ብቻ ከልሎት ነበር፤ በኋላ የወጡት ደንቦችም በሩን ለረጅም ጊዜ እንደተዘጋ አቆዩት። ሸዋ፣ ፋንቱ፣ ኩዊንስ የመሳሰሉት የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ያደጉት በዚህ ከለላ ውስጥ ነው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001ን አውጥቶ ላኪነትን፣ አስመጪነትን፣ ጅምላንና ችርቻሮን ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። ከውጭ ዕቃ አስገብቶ በርካሽ ለመሸጥ ላሰበ ነጋዴ ይህ ከባድ ጅምር ነው።

ሕጉ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ቆቦ ድረስ መምጣት ይጠይቃል።

የቆቦ ጊራና ሸለቆ ከመሬት ሥር ውሃ አለው። ከጉድጓድ በሞተር በሚሳብ ውሃ በሚጠጣው መሬት ላይ ማሽላና ጤፍ ብቻ አይደለም የሚበቅለው፤ ሽንኩርትና ቲማቲምም በብዛት ይመረታል። ሽንኩርቱ በሚደርስበት ሰሞን የሁሉም ማሳ አንድ ላይ ይደርሳል። ገበሬው ነፋስ የሚያገኝ ማቆያ መጋዘን ስለሌለው አቆይቶ መሸጥ አይችልም። ደላላው ማሳው ድረስ ይመጣና ዋጋ ይቆርጣል፣ ነጋዴው አይሱዙ ያቀርባል፣ ሽንኩርቱ በጆንያ ተጭኖ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ደላላ ይረከበዋል፣ ከዚያ ጅምላ ሻጩ፣ ከዚያ ቸርቻሪው፣ በመጨረሻም ጉልት ላይ የተቀመጠችው እናት በመደብ በመደብ ደርድራ ትሸጠዋለች። በየእጁ ትንሽ ትርፍ ይጨመራል፤ በየመንገዱም የሚበሰብሰውና የሚጨፈለቀው አለ፤ ኪሳራው ከተረፈው ሽንኩርት ዋጋ ላይ ይደመራል። ዋጋው በአዲስ አበባ ሲሰቀል ቆቦ ላይ ያለው ገበሬ የሞተሩን ነዳጅ እንኳ ሳይሸፍን የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ትልቁ ርካሽ መደብር ርካሽ የሚሆነው እነዚህን እጆች ስለሚቀንስ ነው። ከአምራቹ በውል ይገዛል፣ በራሱ መኪና ያጓጉዛል፣ በራሱ መጋዘን ያቆያል፣ ደረጃ አውጥቶ ይለያል። የሚታየው ሕንፃ የዚያ ሁሉ ሥራ የመጨረሻ ጫፍ ነው። ሰንሰለቱ በሌለበት አገር ሕንፃው ብቻ ቢሠራ ከጉልቷ እናት በላይ አስወድዶ የሚሸጥ፣ መብራትና ጥበቃ የሚከፍል ሱፐርማርኬት ይሆናል። የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች በርካሽነት የማይታወቁት፣ ዋጋ የሚያወዳድር ሰው መርካቶ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ገዢውም አለ። ሰፊው መደብር የወር አስቤዛ በአንድ ጊዜ የሚገዛ፣ ጭኖ የሚወስድበት መኪናና የሚያስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ያለው ደንበኛ ይፈልጋል። ቆቦ ላይ ያለው ሰው ዘይት በስኒ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ ይገዛል። የገበሬው ገንዘብ የሚገባው ማሽላው ሲወቃ ነው፤ እስከዚያ ሳሙናውም ጨውም ባትሪውም በዱቤ ይወሰዳል፣ ባለሱቁ በደብተር ይጽፋል። በልክ መሸጥንና ሰው አውቆ ማበደርን የትኛውም የውጭ ቸርቻሪ አያቀርብም። ይህ ለድሃ ከዋጋ ቅናሽ የሚበልጥ አገልግሎት ነው፤ ዘመናዊ ንግድ ይምጣ የሚሉ ሰዎች አዘውትረው የሚዘሉትም እሱን ነው።

ኬንያ በሯን ቀድማ ከፍታለች። የፈረንሳዩ ቸርቻሪ ካርፉር እ.ኤ.አ. በ2016 ናይሮቢ ገብቶ ተስፋፍቷል። የደቡብ አፍሪካው ሾፕራይት ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ገብቶ በ2020 ለመውጣት ወሰነ፤ የአገሬው ናኩማት ደግሞ አቅራቢዎቹን ሳይከፍል ዕዳ ውስጥ ሰጥሞ ፈረሰ። ለናኩማት አትክልትና ወተት ያቀረቡት ሰዎች የደረሰባቸው፣ ቆቦ ላይ ሽንኩርቱን በዱቤ ለደላላ ሰጥቶ ገንዘቡ ሳይመለስለት የቀረ ገበሬ የሚያውቀው ኪሳራ ነው።

በኢትዮጵያም እጆቹን ለመቀነስ ተሞክሯል። በመንግሥት የተቋቋመው አለ በጅምላ፣ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በአዲስ አበባ የተለመዱት የእሁድ ገበያዎች፤ ሁሉም አምራቹን ወደ ገዢው ለማቅረብ የታሰቡ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የእሁድ ገበያው ቀላሉና የሠመረው ይመስላል፤ ጥቂት ድንኳን፣ ሚዛን፣ ከማሳ በቀጥታ የመጣ መኪና ነው የሚያስፈልገው።

ቆቦ ላይ ግን መኪናው ራሱ የሚመጣበት ጊዜ አስተማማኝ አይደለም። ከተማዋ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ እንደገናም ከነሐሴ 2014 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ነበር፤ መብራትና ባንክ ተቋረጠ፣ ሱቆች ተዘረፉ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም መንገዱን በየጊዜው ይዘጋዋል። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ መዘርጋት የጀመረው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባቡር ሐዲድም ሥራ ሳይገባ ዓመታት አለፉ። ባቡሩ ቢሠራ ሽንኩርቱ በአይሱዙ የሚሄደው ወልድያ አካባቢ ድረስ ብቻ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የውጭ ቸርቻሪ በአዲሱ መመሪያ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ስለ መደብሩ ስፋትና ስለ መኪና ማቆሚያው ከመጠየቅ በፊት ሽንኩርቱን ከየት፣ በምን ውል፣ በስንት ቀን ክፍያ እንደሚገዛ በጽሑፍ ማስገባት ይኖርበታል። ማቆያ መጋዘኑንም አዲስ አበባ ዳር ሳይሆን ቆቦና ሮቢት አካባቢ፣ ማሳው አጠገብ እንዲሠራ ቢገደድ፣ ገበሬው ዋጋ ሲወርድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ጠብቆ መሸጥ ይችላል።