የዊንስተን ሲዲ

የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» መጀመሪያ ያየሁት ማስተርሴን ስማር፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ነው። እነሱ በሳቁበት ሁሉ እኔም ሳቅኩ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ።

ላላያችሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በካን ግራንድ ፕሪ የተሸለመ ፊልም ነው። ዶን ጆንስተን (ቢል መሪ) በኮምፒውተር ሥራ ሀብታም የሆነ፣ ቤቱ ግን አንድ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ነው (በዚህ እንኳ በደንብ እረዳዋለሁ)። አንድ ቀን ስም ያልተጻፈበት ሮዝ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ የማታውቀው፣ 19 ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ አለህ ይላል። ጎረቤቱ ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው። አምስት ልጆች፣ ሦስት ሥራ፣ በዚያ ላይ የመርማሪነት አምሮት። የድሮ ፍቅረኞችህን ዞረህ ጠይቅ ብሎ ቲኬቱን፣ የኪራይ መኪናውን፣ ካርታውን ያዘጋጅለታል፤ ሮዝ አበባ ይዘህ ሂድ ይለዋል፤ ለመንገዱ ደግሞ የአገሩን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። የሙላቱ አስታጥቄን። ዊንስተንን የሚጫወተው ጄፍሪ ራይት አሜሪካዊ ነው። አነጋገሩ የኛ ነው ብዬ አልምልም፤ ሦስቱ ሥራ ግን የኛ ነው።

የፊልሙ ቀልድ ከንግግሩ ይልቅ ያለው ምስሉና ሙዚቃው ባለመስማማታቸው ላይ ነው። የፍሬድሪክ ኤልምስ ካሜራ አይቸኩልም። ዶን ቱታውን ለብሶ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ እናየዋለን፤ ምንም አይሆንም፤ ምስሉ ቀስ ብሎ ወደ ጥቁር ይጠፋል። ሳቁ የሚመጣው ትዕይንቱ ማለቅ ከነበረበት ትንሽ አልፎ ሲቆይ ነው። ከዚያ መኪናው ይነሳል፣ የሙላቱ ባስ መራመድ ይጀምራል፣ ሳክስፎኑ በጨለማ ግድግዳ ታክኮ እንደሚሄድ ሰላይ ይገባል። ሙዚቃው ስለ አንድ ጀግና ያወራል፤ መሪ የያዘው ሰውዬ ፊት ደግሞ ቤቴ መልሱኝ ይላል። ሮዝ ቀለሙም እንዲሁ ያታልለናል። በየሴቶቹ ቤት ሮዝ ነገር ስንፈልግ ሣር ላይ የተጣለች ሮዝ ታይፕራይተር እናይና «አገኘናት!» እንላለን። ምንም አላገኘንም። አምስተኛዋ ጋ ሲደርስ አበባውን የሚያኖረው መቃብሯ ላይ ነው።

ከዜማዎቹ አንዱ «የግሌ ትዝታ»፣ ሌላው «የከርሞ ሰው» ይባላል። ጓደኞቼ አሪፍ ግሩቭ ነው የሰሙት። እኔ ጆሮ ላይ የመጣው የአውዳመቱ ምርቃት ነው፤ የከርሞ ሰው ይበለን።

ሳቄ የቀረው ስለ ሦስቱ ሥራ ሲነሳ ነው። ያኔ ቤት የምጋራቸው፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ። ቀን መጋዘን፣ ማታ ፓርኪንግ፣ ቅዳሜና እሁድ አረጋውያን ቤት። በየእንቁጣጣሹ «ለከርሞ አገሬ ነኝ» ይላሉ። የዚያን ማታ ስገባ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ቲቪው በርቷል። የዶን ትዕይንት ራሱ ነው፤ ወደ ጥቁር የሚያጠፋልኝ ግን አልነበረም። ፊልሙን አይቼ መምጣቴን ለዓመታት አልነገርኳቸውም።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ አብረን አየነው። ዶን መኪናውን ሲያስነሳ «ሙላቱ እኮ ነው!» ብለው ድምፁን ጨመሩት። ትንሽ ቆይተው፣

«ሲዲውን የሰጠው ልጅ አብሮት አይሄድም እንዴ?» አሉኝ።

«አይሄድም ጋሼ። ሥራ አለው።»