ጥቁሩ ሽቦ ማሳ አይደለም

አሜሪካ ውስጥ በፒክአፕ የሚጎተተው ተሳቢ ቤት ኤሌክትሪኩ ሁለት ነው። ካምፕ ደርሰው ሲሰኩት የሚገባው 120 ቮልት ኤሲና ማይክሮዌቭ ያሠራል። ከፊት መጎተቻው ላይ የተቀመጠው ባትሪ ደግሞ በ12 ቮልት አምፖሉን፣ የውኃ ፓምፑንና የማሞቂያውን ማራገቢያ ያንቀሳቅሳል። ኮንቨርተር የሚባል ሳጥን 120ውን ወደ 12 አውርዶ ባትሪውንም ይሞላል። ይኸው ነው።

እኔን የሚያብከነክነኝ የሽቦው ቀለም ነው። መኪና የለመደ ሰው ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጋቲቭ (ማሳ) ይላል። ተሳቢ ቤቱ ግን ከመኪናው ይልቅ ወደ ቤቱ ያደላል፤ በብዙዎቹ ውስጥ የ12 ቮልቱ መስመር ሳይቀር የአሜሪካ ቤት ቀለም ይዟል። ጥቁሩ ኃይል አለበት፤ ነጩ ሻሲው ላይ ይታሰራል።

ይህን ለአንድ ወዳጄ የተሳቢ ቤት ባትሪ ሊያስር ሲል ብነግረው አልሰማ አለኝ። አዲስ አበባ ዕድሜውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ቆይ በቴስተር እንየው» አልኩት።

«ጥቁር ማሳ መሆኑን አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» ብሎ ጥቁሩን ኔጋቲቩ ላይ አጠበቀ። ነጩን ፖዘቲቩ ላይ ሲያስጠጋ ቷ! ብሎ ብልጭ አለ፤ እጁን ሰበሰበ። ደግነቱ ኮንቨርተሩ ላይ ለእንዲህ ያለው ስህተት ተብለው የተቀመጡ ሁለት ፊውዞች አሉ። ሁለቱም ተቃጥለው ሳጥኑ ተረፈ። እባካችሁ፣ ባትሪ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ነጩን በእጃችሁ ተከትላችሁ ሻሲው ላይ መድረሱን እዩ። ከዚያም ጥቁሩ ጫፍ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉበት። ምን ያስቸኩላል?

ቴስተሩ 12 ስላነበበ ባትሪው ሙሉ ነው የሚሉም አሉ። የአሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ ሙሉው 12.6 ግድም ነው፤ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ቢቀረው ነው።

ባትሪውን ጋራዥ ትቶ መንገድ የሚወጣ ሰው ግን ያናድደኛል። ከፒክአፑ ጋር የተያያዘች ቀጭን ገመድ አለች፤ ተሳቢው ቢለይ ከፍሬኑ ማብሪያ ላይ ፒኗን ትነቅላለች፣ የተሳቢው ፍሬንም ከዚሁ ባትሪ ኃይል አግኝቶ ይይዛል። ባትሪ ከሌለ ገመዷ ፒኗን ነቅላ ዝም ነው።