ስለ አልጎል ኮከብና ስለ ማኅበራችን ደብተር

እኛ ከዋክብትን የምንመለከት ጥቂት ተማሪዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ማታ እንሰበሰባለን። የማኅበራችን ንብረት አንድ የሩቅ ማያ መነጽር፣ አንድ የሰማይ ካርታና አንድ ደብተር ነው። ከሦስቱ ደብተሩ ስለ ምን እንደሚበልጥ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አልጎል የሚባለው ኮከብ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ይደበዝዛል፤ ደብዝዞ እስኪመለስም 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህም የሚሆነው ለዐይን አንድ ይምሰል እንጂ፣ ደብዛዛ ጓደኛው በፊቱ እያለፈ ብርሃኑን ስለሚጋርደው ነው። የመደብዘዙን ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ1783 ያስታወቀው የእንግሊዝ አገር ሰው ጆን ጉድሪክ ነበር። ጉድሪክ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ከጎረቤቱ ከኤድዋርድ ፒጎት ጋር ሆኖ ያየውን ከነሰዓቱ ይመዘግብ ነበር። በ21 ዓመቱ ቢሞትም መዝገቡ አልሞተም።

የእኛ ግን እንዲህ አልሆነም። ባለፈው ኅዳር ሌሊቱን በተራ ስንጠብቅ አድረን፣ ከመካከላችን አንዱ «3 ሰዓት፤ እጅግ ደብዝዟል» ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሩ ሲነበብ፣ በአገራችን አቈጣጠር ከምሽቱ 3 ነው ወይስ በፈረንጅ አቈጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብለን ጠየቅነው፤ ሊያስታውሰው አልቻለም። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ከታወቀው ስሌት ተነሥተን አንዱን መምረጥ እንችል ነበር፤ ነገር ግን ይህ መልሱን መገልበጥ እንጂ መመልከት አይደለም። ስለዚህ የሌሊቱን ድካም በአንድ መሥመር ሰረዝነው።

ከዚያ ወዲህ ጊዜውን ሁሉ ወደ ዓለም አቀፍ ሰዓት እየለወጥን እንጽፋለን፤ ይኸውም የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት በዓለም አቀፍ 18 ሰዓት ነው። ለቀኑም የዩልዮስ ቀን የሚባለውን ተከታታይ ቍጥር እንጠቀማለን። ይህ ቀን የሚለወጠው በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ቀን፣ ማለት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለ ሆነ፣ አንዱ ሌሊታችን በሁለት ቀን አይከፈልም። እ.ኤ.አ. በ1911 የተቋቋመው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበርም የአማተሮችን መዝገብ የሚያከማቸው በዚሁ ቍጥር ነው።

ክረምቱ ሰማዩን ሲዘጋብን ደብተሩን እናርማለን። ከመስከረም በኋላ አብሮን ሊመለከት የሚወድ ተማሪ እርሳስና የታረመ ሰዓት ይዞ ይምጣ፤ መነጽሩን በተራ እናውሰዋለን።