ለሰርቬይንግ ፈተና ቱቶሪያል ከመክፈላችሁ በፊት

ፈተና በቀረበ ቁጥር ኢንቦክሴ የሚሞላው በአንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «የትኛው ቱቶሪያል ይሻለኛል? የአዲስ አበባው ኦንላይን? እዚህ ደሴ ፒያሳ የሚሰጠው? ወይስ ኮምቦልቻ ልጆቹ የከፈቱት?» መልሱ በአንድ መስመር ስለማያልቅ ሰብሰብ አድርጌ እዚህ ልጻፈው። የማንንም ቱቶሪያል ስም አልጠራም። ማስታወቂያም ማጣጣልም የዚህ ቻናል ሥራ አይደለም።

በቅድሚያ የምትፈተኑት የትኛውን እንደሆነ ለዩ። ይህን ስል የሚስቅ ይኖራል፤ ግን «የሰርቬይንግ ፈተና አለብኝ» ብሎ ከሚጽፍልኝ ሰው ውስጥ አንዱ የሚያወራው ስለ ዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ነው፣ ሌላው ስለ ሲኦሲ። ሁለቱ በጭራሽ አይገናኙም። የመውጫ ፈተናው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ከ2015 ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ግዴታ ሆኗል፤ በኮምፒውተር፣ በእንግሊዝኛ፣ በምርጫ ይሰጣል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሲኦሲ ደግሞ በቴክኒክና ሙያ መስመር ለመጣችሁ የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ የጽሑፍ ክፍል ቢኖረውም መዛኙ ፊታችሁ ቆሞ መሣሪያ ስትተክሉ ያያል። ለአንዱ የሚጠቅም ቱቶሪያል ለሌላው ገንዘብ ማባከኛ ሊሆን ይችላል።

የቱቶሪያል ገበያው የደራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ከግል ተቋማት ያለፈው 17 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። አራትና አምስት ዓመት ተምሮ ዲግሪው በአንድ ጠዋት ፈተና የተንጠለጠለበት ተማሪ፣ ከጎኑ ደግሞ የጨነቀው ወላጅ፣ የተጠየቁትን ይከፍላሉ። ሻጩም ይህን ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥሩ ቱቶሪያልና መጥፎ ቱቶሪያል የሚለዩት በአንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተሳሳተውን መልስ እንዴት እንደሚያስተምር። ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ቀላል ጥያቄ ላሳያችሁ።

የቢኤሙ ከፍታ 1850.000 ሜትር ነው። ባክሳይት 1.425፣ ፎርሳይት 2.960 አነበባችሁ። የአዲሱ ነጥብ ከፍታ ስንት ነው? ምርጫዎቹ 1848.465፣ 1851.535፣ 1854.385 እና 1845.615 ናቸው እንበል።

ተራው ቱቶሪያል «ባክሳይት ይደመራል፣ ፎርሳይት ይቀነሳል፣ መልሱ የመጀመሪያው ነው፣ ቀጥሎ» ይላችኋል። ትክክል ነው። ግን የፈተና አውጪው ብልሃት ያለው በቀሩት ሦስት ቁጥሮች ላይ ነው። 1851.535 ምልክቱን ለገለበጠ ተማሪ የተዘጋጀ ነው፣ 1854.385 ሁለቱንም ለደመረ፣ 1845.615 ሁለቱንም ለቀነሰ። ሦስቱም ተማሪ ሲቸኩል ከሚሠራው ስህተት የወጡ ስለሆኑ፣ አስልታችሁ ያገኛችሁት ቁጥር ምርጫው ውስጥ መኖሩ ምንም ማረጋገጫ አይሆናችሁም።

ጥሩው አስተማሪ እዚህ ላይ ይቆማል። «እስቲ ከማስላታችሁ በፊት እዩት» ይላል። ስታፉ ላይ ያለው ንባብ ከ1.425 ወደ 2.960 ጨምሯል፤ ንባብ ሲጨምር መሬቱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከ1850 በታች መሆን አለበት። ሁለቱ ምርጫዎች ካልኩሌተር ሳይነካ ወደቁ። የቀረችው 1845.615 ደግሞ 4.385 ሜትር ልዩነት ትጠይቃለች፤ በአራት ሜትር ስታፍ በአንድ ተከላ ይህን ያህል ልዩነት ማንበብ አይቻልም። መልሱ ራሱ ወጣ። እንዲህ የተማረ ልጅ ቁጥሩ ቢቀየርበት፣ ጥያቄው ተገልብጦ ቢመጣበት አይደናገርም። ቀመር ብቻ የሸመደደው ግን የመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጥያቄ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ በነፃ ግቡ፤ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ። አስተማሪው በሰዓት ስንት ጥያቄ እንደሠራ አትቁጠሩ፤ ስንቱን የተሳሳተ ምርጫ ከየት እንደመጣ አስረዳ? ብላችሁ ቁጠሩ። በሁለት ሰዓት ስልሳ ጥያቄ «የሚጨርስ» አስተማሪ መልስ እያነበበላችሁ ነው። ይህን ደግሞ ቤታችሁ ሆናችሁም ታነቡታላችሁ።

ሌላው ማየት ያለባችሁ የሚያስተምረው ሰው ከየት እንደመጣ ነው። በእኛ አካባቢ የሰርቬይንግ ቱቶሪያል ከሚሰጡት ውስጥ ብዙዎቹ ሲቪል መሐንዲሶች ናቸው። ክብር ይስጣቸው፣ ሌቭሊንግና ትራቨርስ ከእነሱ ጋር ስትሠሩ ምንም አይጎድላችሁም። ኩርባ ላይ ደግሞ ከእኛ ከሰርቬየሮቹም ይበልጣሉ። ነገር ግን የሰርቬይንግ ዲግሪ ጂኦዴሲ አለው፣ ፎቶግራሜትሪ አለው፣ የካርታ ፕሮጀክሽን፣ ጂአይኤስ፣ ካዳስተር፣ በሊስት ስኩዌር የሚሠራ የስህተት ማስተካከያ አለው። ቱቶሪያሉ እነዚህን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አጠቃልሎ የሚያልፍ ከሆነ የፈተናውን ትልቅ ክፍል ለዕድል እየተወ ነው። ለእያንዳንዱ የመውጫ ፈተና ትምህርት ብሉፕሪንት አለ፤ ከዲፓርትመንታችሁ ውሰዱና የቱቶሪያሉን ፕሮግራም ጎን ለጎን አስቀምጡት። የማይገጥም ከሆነ ምን እንደጎደለ እዚያው ታዩታላችሁ።

አስተማሪውን ልትፈትኑት ከፈለጋችሁ የእኛን ሰፈር ተጠቀሙ። እንዲህ በሉት፦ «ጂፒኤስ ሳትይዝ የደሴ ኢስቲንግ ስንት አካባቢ ነው?» የሚያውቅ ሰው ደሴ በዩቲኤም ዞን 37 ውስጥ እንዳለች፣ የዞኑ ማዕከላዊ ሜሪዲያን 39 ዲግሪ እንደሆነ፣ ከተማዋ ከዚያ በስተምሥራቅ 38 ደቂቃ ገደማ ፈቀቅ ብላ እንደምትገኝ አስቦ 569 ሺህ አካባቢ ይላችኋል። ኮምቦልቻ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች 580 ሺህ ገደማ። ኖርዚንጉ በሁለቱም ከ1 ሚሊዮን 220 ሺህ በላይ ነው። ይህን በጭንቅላቱ የሚገምት ሰው ፕሮጀክሽንን ገብቶት ነው የሚያስተምረው።

ቀጥላችሁ ደግሞ ቶታል ስቴሽን መሬት ላይ የለካው 1 ኪሎ ሜትር በዩቲኤም ግሪድ ላይ ለምን እንደሚያጥር ጠይቁት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የከፍታው ቅናሽና የፕሮጀክሽኑ ስኬል ፋክተር ሲባዙ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር በላይ ልዩነት ያመጣሉ። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትደርሱ ልዩነቱ ወደ 60 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ላይ ይህን ያህል! መጽሐፉ ላይ «ኮምባይንድ ፋክተር» የሚለው ይኸው ነው፤ ዝቅ ባለ ሜዳማ አገር የተጻፈ ምሳሌ ላይ ግን የከፍታው ቅናሽ ኢምንት ስለሚሆን ተማሪው ንቆ ያልፈዋል። ወሎ ላይ ንቃችሁ ካለፋችሁት መንገዱ አይገጥምም።

አዲንዳንንም አትርሱ። ለአሥርተ ዓመታት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም፣ በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ነው፤ የመነሻ ነጥቡ እንኳ ከእኛ አገር ውጭ፣ ሱዳንና ግብፅ ድንበር አካባቢ ነው ያለው። የእጅ ስልካችሁ የሚሰጣችሁ ግን ደብሊውጂኤስ 84 ነው። በእኛ አካባቢ የሁለቱ ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። ዳተሙን ሳይለይ ኮኦርዲኔት የጫነ ሰው የአንዱን ግቢ ሌላ ሰፈር ላይ ያሳርፈዋል። ከተሞቻችን ይዞታ በካዳስተር እየመዘገቡ ባሉበት በዚህ ጊዜ ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ፍርድ ቤት ሊያቆም ይችላል።

ሲኦሲ ተፈታኞች፣ እናንተ እስካሁን ያልኩትን ግማሹን እለፉት። የእናንተ ጥያቄ አንድ ነው፦ መሣሪያው በነፍስ ወከፍ ስንት ደቂቃ ይደርሰኛል? ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ሠላሳ ተማሪ፣ አንድ ቶታል ስቴሽን፣ ሁለት ሰዓት ከሆነ ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ነው። በአራት ደቂቃ ትራይፖድ ዘርግቶ፣ ነጥቡ ላይ ሴንተር አድርጎ፣ በእግር ብሎኖቹ ሌቭል አድርጎ፣ ተመልሶ ሴንተሩን አይቶ መጨረስ ልምድ ላለውም ሰው ጥድፊያ ነው። ቪዲዮ ማየት ደግሞ ጣት አያሠለጥንም። ትሪብራኩን ስታላሉ መሣሪያው እንዳይዞር መጠንቀቅን፣ ሌቭል አድርጋችሁ ስትመለሱ ሴንተሩ ፈቀቅ ማለቱን፣ ይህን የምትማሩት እጃችሁ ሲሳሳት ብቻ ነው።

በ2014ቱ ጦርነት የደሴና የኮምቦልቻ የትምህርት ተቋማት ብዙ ዕቃ አጥተዋል፤ ስለዚህ «መሣሪያ አለን» የሚለውን በቃል አትቀበሉ። የሚሠራ ባትሪ አለው? ፕሪዝሙ ስንት ነው? ሌቭሉ ቱ-ፔግ ቴስት ተደርጎለታል? ብላችሁ ሄዳችሁ እዩ። ከፍሎ ከመመዝገብ በፊት ደግሞ ወይዘሮ ስኂን ወይም ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ያሉ አሠልጣኞችን፣ ካልሆነም ከተማ ውስጥ ፕሮጀክት ላይ ያለ ሰርቬየር ጠይቁ። አምስት ሆናችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይት ላይ ስታፍ ይዛችሁ ብታግዙት መሣሪያውን ለማስነካት እንቢ የሚል ሰው ወሎ ውስጥ ብዙም አይገጥማችሁም። እኔ ከዚህ የተሻለ የሲኦሲ ዝግጅት አላውቅም። ለዚህ ምንም አትከፍሉም፤ ቡናውን ብቻ እናንተ ጋብዙ።

ስለ አዲስ አበባዎቹ የኦንላይን ትምህርቶች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቤት ተከራይቶ ከመማር ኦንላይኑ እንደሚሻል አያከራክርም፤ አንዳንዶቹም በእውነት ጥሩ ናቸው። ግን ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። ያኔ በቀጥታ ስርጭት ብቻ ለሚሰጥ ትምህርት የከፈለ ተማሪ ገንዘቡም ትምህርቱም ቀርቶበታል። ስለዚህ ትምህርቱ ተቀርጾ፣ ወርዶ፣ በፍላሽ ሊያዝ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። «ሊንኩ ለአንድ ወር ብቻ ይሠራል» የሚለው አሠራር መብራትና ኔትወርክ ለማይቋረጥበት ሰው ነው የሚሆነው።

«ተማሪዎቻችን 95 በመቶ አለፉ» የሚለውን ማስታወቂያ ስታዩ ከስንቱ? ብላችሁ ጠይቁ። የተመዘገቡት በሙሉ ተቆጥረዋል ወይስ ውጤታቸውን ደውለው የነገሩት ብቻ? አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች እንደምታውቁት እዚያ የሰርቬየር ፈቃድ የመጀመሪያው ፈተና 110 ጥያቄ አለው፣ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወስዳል፣ የማለፍ ምጣኔውንም ፈተናውን የሚሰጠው አካል ራሱ በይፋ ያወጣል። የሚፈቀደው ካልኩሌተር ዓይነት ሳይቀር ቀድሞ ይታወቃል። እዚያም ቢሆን «ካላለፍክ ገንዘብህ ይመለሳል» የሚሉ ኮርሶች ስላሉ ዝርዝሩን ማንበብ ግድ ነው፤ አንዳንዱ የሚመልሰው ገንዘቡን ሳይሆን ያንኑ ትምህርት በድጋሚ ነው።

«ፈተናው እጄ ላይ አለ» ስለሚሉት የቴሌግራም ቻናሎች ብዙ አልልም። ብሎክ አድርጉ፣ በቃ።

ታዲያ ማን ይክፈል? ገና ትምህርት ላይ ላላችሁ፣ ሃንድአውትና የጥናት ቡድን ላላችሁ፣ የሚከፈልበት ቱቶሪያል ያስፈልጋችኋል ብዬ አላምንም። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ አራት ሆነው የሚያጠኑ ልጆች በየተራ አንድ አንድ ምዕራፍ ቢያስተምሩ ከብዙው ቱቶሪያል ይበልጣል፤ ሊያስተምር የሚዘጋጅ ሰው ሁለት ጊዜ ይማራልና። መክፈል የሚገባው ትምህርቱን ከጨረሰ ቆይቶ ፕሮጀክት ላይ የኖረ፣ ጂኦዴሲን ከረሳ ዓመታት ያለፉት፣ አሁን ደግሞ ለድጋሚ ፈተና የሚቀመጥ ሰው ነው። እሱ የሚገዛው እውቀት ብቻ አይደለም፤ የሚያስቀምጠውን ሰዓትና የሚጠይቀውን ሰው ነው የሚገዛው። እንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ሳይት ላይ ስለሚውል የማታና የእሑድ ፕሮግራም ያለውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥያቄ ሲልክ መልስ የሚሰጠውን ይምረጥ።

ከወሰናችሁ በኋላ በሁለት ዙር የሚከፈልበትን ምረጡ፤ ሁለተኛውን ክፍያ ሞዴል ፈተና ከወሰዳችሁና እርማቱን ካያችሁ በኋላ አድርጉት። በአንዴ ካልተከፈለ የሚል ካለ ሌላ ፈልጉ። ብሉፕሪንት ያላገኛችሁ ኮሜንት ላይ የትምህርት ክፍላችሁን ጻፉ፣ ያለው ይልክላችኋል። ለከፈላችሁት ሁሉ ደግሞ ደረሰኝ ተቀበሉ።