የታይፎይድ ወረቀት

ልጁ 19 ዓመቱ ነበር። አባቱ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጧቸውን የምርመራ ወረቀቶች በላቦራቶሪው መስኮት ላይ አንድ በአንድ ዘረጓቸው። አምስት ናቸው። ከቢቸና የተጻፈ አለ፣ ከሞጣ የተጻፈ አለ፤ ቃሉ ግን በሁሉም ላይ አንድ ነው፦ ዊዳል ሪአክቲቭ፣ ዌይል ፌሊክስ ሪአክቲቭ። ከአምስቱ በሁለቱ ግርጌ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። «ልጄ፣ ይኼ ታይፎይድ የሚሉት ከደሙ አልወጣ አለን እኮ» አሉኝ። ለመድኃኒቱ አንድ በሬ ሸጠዋል።

ልጁ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ አራተኛ ወሩ ነበር። ከስቷል፣ ገርጥቷል፣ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዷል። ሆዱን የዳሰሰው አዲስ የተመደበ ሐኪም ነው፤ «የት ሠርተህ መጣህ?» ብሎ የጠየቀውም እሱ ነው። ጎንደር ተልኮ ካላዛር የተባለው በሽታ መሆኑ ታወቀ፤ ታክሞ ዳነ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የፈረምኩባቸው ሁለት ወረቀቶች ሐሰት አለመሆናቸው ነው። ከልጁ ደም የወሰድኩት ጠብታ በእርግጥ ፍርፍር ብሎ ነበር፤ ዓይኔ ያየውን ነው የጻፍኩት። የተሳሳትነው ወረቀቱ ይናገራል ብለን ባመንነው ነገር ነው።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ 14 ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። በየቀኑ መስኮቴ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ «ታይፎይዴ ስንት ሆነ?» የሚል ነው። የአንዱ 80 ነው፣ የጎረቤቱ 160፤ 320 የተባለ ሰው ቤት ሲደርስ ዘመድ ይሰበሰባል። ቁጥሩን ደሙ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ያደርጉታል። መድኃኒት ጨርሶ ተመልሶ ሲመረመር ቁጥሩ ካልወረደ «ደሙን አላጸዳውም» ይባልና ሌላ መርፌ ይታዘዛል። ይህን የሚለው ገበሬው ብቻ ቢሆን ባልደከመኝ ነበር። ማዘዣውን የሚጽፈው ባልደረባዬም ይለዋል።

ዊዳል የሚለካው አንቲቦዲን ነው፤ የታማሚው ሰውነት ራሱ ያመረተውን። ቁጥሩም ያ አንቲቦዲ ስንት ጊዜ ቀጥኖ መሥራቱን እንደቀጠለ ይነግረናል እንጂ ስለ ባክቴሪያው ብዛት ምንም አይልም። በእውነተኛ ታይፎይድ ደም ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም አንድ ቢገኝ ነው። ያም ቢሆን አብዛኛው በሰውየው ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚዞረው። ይህን መሸሸግ ያልተረዳ ሰው ታይፎይድን የሚረዳበት መንገድ አይታየኝም።

ሳልሞኔላ ታይፊ ከሰው በቀር ሌላ ቤት የለውም። የጨጓራን አሲድ አልፎ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ሲደርስ ኤም ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ያገኛል። የእነሱ ሥራ አንጀት ውስጥ ካለው እየቀነጨቡ ከሥር ላሉት የመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት ነው፤ ባክቴሪያውም በዚያው በር ይገባል። ተራው የአንጀት ሕዋስም አያግደውም። እንደ መርፌ ያለ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ የራሱን ፕሮቲኖች ይወጋዋል፤ ያን ጊዜ የሕዋሱ ገጽ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይነሳና ባክቴሪያውን ጠቅልሎ ይውጠዋል።

ለተለማማጅ ተማሪዎች ቀጣዩን ስነግር ሁልጊዜ ቀስ እላለሁ። ማክሮፌጅ የተባለው በላተኛ ሕዋስ ባክቴሪያውን ውጦ በከረጢት ይዘጋበታል፣ ከረጢቱን አሲድ ያደርገዋል፣ መፍጫ ኢንዛይሞቹን ሊያፈስበት ይዘጋጃል። ሌላው ባክቴሪያ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል። ሳልሞኔላ ግን አሲዱን ሲቀምስ ጊዜው መድረሱን ያውቃል። ሁለተኛ መርፌ ያወጣል፣ ከከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ፕሮቲን ወደ ውጭ ይልካል፣ ኢንዛይሞቹ የሚመጡበትን መንገድ ያዛባል፣ እዚያው ይራባል። ሊገድለው የመጣው ሕዋስ ተሸክሞት ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያ፣ ወደ መቅኒ ይወስደዋል። ቪ የሚባለው የስኳር ሽፋኑም ከመከላከያው ዓይን ይጋርደዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ያርሳል፣ ገበያ ይሄዳል። ትኩሳቱ የሚነሳው በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። «ትናንት ሠርግ በላሁ፣ ዛሬ ታይፎይድ ጣለኝ» የሚለኝ ሰው ሌላ በሽታ ይዞ መጥቷል ማለት ነው።

አንቲቦዲው ከዚህም በኋላ ነው የሚመጣው፤ ትኩሳት ከጀመረ ሳምንት ያህል ቆይቶ። በሁለተኛው ቀን ዊዳል ማዘዝ ገና ያልተዘራ ማሳ ላይ አዝመራ እንደ መፈለግ ነው። ያን ቀን ሪአክቲቭ ከሆነ ያገኘነው የድሮውን ነው፤ በተለይ ኤች የተባለው አንቲቦዲ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሳያውቀው ያለፈውን፣ ወይም የሳልሞኔላ ዘመድ የሆነ ሌላ ባክቴሪያ የተወውን ምልክት ነው የምናነበው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። አንቲቦዲ ሕዋስ ውስጥ ዘልቆ አይገባም። በከረጢት ውስጥ የተቀመጠውን ባክቴሪያ የሚያጠፋው ቲ ሴሎች ማክሮፌጁን ሲያነቁት ነው፤ እኛ የምንለካው ነገር በሽታውን በማዳን ያለው ድርሻ ትንሽ ነው።

የሰሊጥ አጫጁ ልጅ ወረቀት ለምን ሪአክቲቭ እንደሆነ የገባኝም በዚህ ነው። የካላዛር ተውሳክ የባክቴሪያ ዘመድ አይደለም፤ በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈው ነው። የሚኖረው ግን እዚያው፣ ማክሮፌጅ ውስጥ። መከላከያው ይደናገርና ዒላማ የሌለው አንቲቦዲ በገፍ ያመርታል። ከዚያ ጎርፍ ጥቂቱ የዊዳል መመርመሪያ የሆነው አንቲጅን ላይ ተጣበቀ፤ እኔም ፈረምኩ።

ፈርናንድ ዊዳል ይህን ምርመራ ፓሪስ ውስጥ ያስተዋወቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1896 ነው። በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ዛሬም በአግባቡ ቢሠራ፣ ማለትም ደሙ በቱቦ ቀጥኖ፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ ተወስዶ፣ ሁለተኛው በአራት እጥፍ ሲጨምር፣ ጥቂት ይናገራል። እኛ የምናደርገው አንድ ጠብታ ሰርም በነጭ ሰሌዳ ላይ ጥሎ ማወዛወዝ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከዘገየሁ ጠብታው ይደርቅና የሌለውን ፍርፍር ያሳየኛል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ የሞቀው አንቲጅንም የራሱን ይጨምራል።

ታይፈስ ደግሞ አለ። ወረቀቱ ሁለቱን መንትያ አድርጎ አስለምዶናል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላል፣ ሰውም ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። በአማርኛም ተስቦና የአንጀት ተስቦ ስላልናቸው ወንድማማች ይመስላሉ። የሚያመሳስላቸው ትኩሳቱ ነው። የታይፈሱ ሪኬትሲያ ከአንጀት ጋር ጉዳይ የለውም፤ በቅማል ኩስ ተይዞ በተቧጠጠ ቆዳ ይገባና የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ይይዛል። የታይፈሱ ምርመራ ዌይል ፌሊክስ የሚሠራው ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ በአጋጣሚ ተመሳሳይ ስኳር ስላለው ነው። ምርመራው የወጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጆቹ 1916 ነው። ቅማል የሌለበት፣ ሽፍታ የሌለው፣ በየሦስት ወሩ «ታይፈስ የሚነሳበት» የባንክ ሠራተኛ ሲገጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

«ታዲያ ታይፎይድ የለም ነው የምትይው?» ይሉኛል። አለ። ባክቴሪያው በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ተመልሶ የአንጀቱን ግድግዳ በሦስተኛው ሳምንት ሲበሳ፣ ሆዱ እንደ እንጨት ደርቆ በቃሬዛ የመጣ ሰው አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ተመርምሮ «ኔጌቲቭ» ተብሎ የተመለሰ ነበር። ዊዳል ከሁለቱም ወገን ነው የሚጎዳን፤ የሌለበትን ታይፎይድ ይሰጠዋል፣ ያለበትን ይሰውርበታል። ትክክለኛው ምርመራ የደም ካልቸር ነው፤ እሱም ከታመሙት ከግማሽ ብዙም ያልበለጡትን ነው የሚይዘው፣ እኛ ባለንበት ደረጃም የለም። ሐኪሙ ምን ያድርግ? ጥያቄው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። በመጥፎ ወረቀት መደገፍ ግን ያለ ወረቀት ከማሰብ የባሰ ነው፤ የወባ ፊልም፣ የደረት ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ ጣፊያ መዳሰስ፣ ሁሉም ቁጥሩን ሲያዩ ይቆማሉ።

ያለ ምክንያት የሚሰጠው መድኃኒትም ዝም ብሎ የሚያልፍ አይደለም። አንጀታችን በማይጎዱን ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው፤ እንግዳው የሚቀመጥበትን ቦታና የሚበላውን ምግብ ቀድመው ይዘዋል። አሜሪካኖች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ባሳተሙት ጥናት፣ አይጥን በሳልሞኔላ ለመያዝ 100,000 ያህል ባክቴሪያ ያስፈልግ ነበር፤ አስቀድሞ ስትሬፕቶማይሲን ሲሰጣት ከአሥር ያነሰ በቃ። ስለዚህ ያልነበረበትን ታይፎይድ በሲፕሮ ደጋግሞ የታከመ ሰው፣ እውነተኛው በውኃ ቢመጣ የሚያግደውን ሠራዊት አስቀድሞ በትኖታል ብዬ እሰጋለሁ። በፓኪስታን ሲንድ ግዛት በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ የተነሳው ታይፎይድ ሲፕሮንም ሴፍትሪአክሶንንም የሚቋቋም ነው። ለእነሱ በአፍ ከሚወሰደው የቀረው አዚትሮማይሲን ነው። በእኛ ሰፈር ሴፍትሪአክሶን ለማንኛውም ትኩሳት የሚወጋ የመጀመሪያ መርፌ ሆኗል።

የዊዳል ማዘዣ ሲመጣልኝ አሁን የትኩሳቱን ቀን እፈልጋለሁ። ካልተጻፈ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ክፍል እሻገራለሁ። ውጭ ሰልፍ አለ፣ አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ ታማሚውም «ምንም የለብህም ልትይኝ ነው?» እያለ ከኋላዬ ይከተለኛል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከሆነው ደሙን አልወስድም። ሳምንት ካለፈው እንደዚያ ልጅ ለሥራ መተማ ወይም ሁመራ ሄዶ እንደሆነ ጠይቄ መልሱን በእስክሪብቶ እጨምራለሁ። ማዘዣው ላይ ለእሱ የተተወ ቦታ የለም፤ ከዕድሜው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍተት ነው የምጽፈው።